ስለ ማጅራት ገትር በሽታና ከወገብ ስለሚቀዳው ውሃ

በዚህ ወር ለመምህራንና ለከተማችን ነዋሪዎች ልናብራራ ያሰብነው ጉዳይ፥ ብዙ ጊዜ በበሽተኛው አልጋ አጠገብ በሐኪሙና በቤተ ዘመዱ መካከል ክርክር የሚያስነሣ አንድ የምርመራ ዓይነት ነው። ይኸውም የማጅራት ገትር በሽታ የተጠረጠረበትን ሰው ከወገቡ አጥንት መካከል በቀጭን መርፌ ጥቂት ውሃ ቀድቶ መመርመር ነው። ሐኪሙ ይህን ምርመራ ሲጠይቅ አባት ወይም አጎት ብድግ ብሎ «የልጃችንን ጀርባ አትንኩብን፤ መድኃኒቱን ብቻ ስጡን» ማለቱ የተለመደ ነው። ይህን የሚለው ከክፋት ሳይሆን ከፍቅርና ከፍርሃት የተነሣ ነው። ነገር ግን ፍርሃቱ የሚጎዳው ያንኑ የሚወደውን ልጅ ስለሆነ፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ለመግለጽ እንሞክራለን።

ስሙ ምን ይነግረናል?

ማጅራት ማለት የአንገታችን የኋላ ክፍል ነው፤ ገትር ማለትም የሚገትር፥ የሚያደርቅ ማለት ነው። እንግዲህ ሕዝባችን ለዚህ በሽታ ስም ሲያወጣለት ከምልክቶቹ ሁሉ ዋናውን ለይቶ በማየት ነው ማለት ይቻላል። በሽተኛው አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ ለማድረግ ቢሞክር አንገቱ እንደ እንጨት ደርቆ እሺ አይለውም።

የዚህም ምክንያት የሚከተለው ነው። አንጎላችንና ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርደው ኅብለ ሰረሰር በሦስት ስስ ሽፋኖች ተጠቅልለዋል። በሽፋኖቹም መካከል እንደ ምንጭ የጠራ ውሃ ይመላለሳል። ይህ ውሃ አንጎልን ከግጭት ይጠብቀዋል፤ ቆሻሻውንም ያጥብለታል። በሽታ አምጪ ተሐዋስያን በደም አድርገው ወይም ከጆሮና ከአፍንጫ አጠገብ ካለ ቁስል ተነሥተው ወደዚህ ውሃ በገቡ ጊዜ ሽፋኖቹ ይቆጣሉ፤ ያብጣሉም። አንገት በታጠፈ ቁጥር የተቆጣው ሽፋን ስለሚወጠር ጡንቻዎቹ ሕመሙን ለመከላከል አንገቱን አጥብቀው ይይዙታል። ገተረ የሚባለውም ይኸው ነው።

በሽታው ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በባክቴሪያ ምክንያት በሚመጣው ማጅራት ገትር ከሚያዙት 6 ሰዎች አንዱ ይሞታል፤ ከሚድኑትም 5 ሰዎች አንዱ እንደ ጆሮ መደንቆር፥ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ መድከም ያለ ዘላቂ ጉዳት ይቀርበታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው።

ደምን መርምሮ ማወቅ አይቻልምን?

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱም ደም መመርመር አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም የሚል ነው። ተፈጥሮ አንጎልን በደም ውስጥ ከሚዘዋወረው ነገር ሁሉ የሚለይ ጥብቅ አጥር ሠርታለታለች። በአጥሩ ውስጥ እሳት ሲነሣ ከውጭ ሆኖ የሚመለከት ሰው ጢሱን ሊያይ ይችላል፤ የሚቃጠለው ምን እንደሆነ ግን ገብቶ ካላየ አያውቅም።

በአካባቢያችን ደግሞ ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላ ምክንያት አለ። የጌዴኦ ምድር ከቡሌ ደጋ ጀምሮ እስከ ዲላ ዙሪያ ዝቅተኛ ቦታዎች የሚወርድ ስለሆነ፥ በደጋው የሚኖረው ሰው ለገበያና ለሥራ ወባ ወዳለበት ቆላ ይወርዳል። ትኩሳት፥ ራስ ምታት፥ ትውከትና መቃዠት የወባም፥ የማጅራት ገትርም ምልክቶች ናቸው። በደሙ ውስጥ የወባ ተሐዋሲ የተገኘበት ሰው እንኳ ከዚያው ጋር ማጅራት ገትር ሊኖረው ስለሚችል፥ ራሱን የሳተን ወይም አንገቱ የደረቀን በሽተኛ «ወባ ነው» ብሎ ብቻ መተው አደገኛ ነው። ሁለቱን የሚለየው ምስክር የሚገኘው ከዚያ ከጠራው ውሃ ውስጥ ነው።

ውሃው የሚሰጠው ምስክርነት

ጤነኛ ሰው የሚቀዳው ውሃ ልክ የተጣራ የመጠጥ ውሃ ይመስላል። በላቦራቶሪ ሲመረመር በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ውስጥ የሚገኙት ነጭ የደም ሕዋሳት ለአዋቂ ሰው ከ5 አይበልጡም። የስኳሩ መጠን በደም ውስጥ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ ፕሮቲኑም ጥቂት ነው።

የማጅራት ገትር ባክቴሪያ በገባበት ጊዜ ግን ውሃው ይደፈርሳል፤ አንዳንድ ጊዜም የሩዝ እጣቢ ይመስላል። ነጭ ሕዋሳቱ በመቶና በሺሕ ይቆጠራሉ፤ ስኳሩ ይወርዳል፤ ፕሮቲኑም ይጨምራል። የላቦራቶሪው ሠራተኛ ከውሃው ጠብታ በመስተዋት ላይ አድርጎ፥ ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 እ.ኤ.አ. ባሳወቀው የቀለም አቀባብ ዘዴ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ቢመለከት፥ ብዙ ጊዜ ተሐዋስያኑን ራሳቸውን ያያቸዋል።

በቫይረስ የመጣ እንደሆነ የሕዋሳቱ ዓይነት ይለያል፤ ስኳሩም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጤነኛው ሰው ሆኖ ይገኛል። የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋሲ ወደ አንጎል ሽፋን ወጥቶ እንደሆነ ደግሞ ስኳሩ ዝቅ፥ ፕሮቲኑ እጅግ ከፍ ይላል። ይህ በሽታ ቀስ በቀስ በሳምንታት የሚመጣና መድኃኒቱም ለብዙ ወራት የሚወሰድ ስለሆነ፥ ሳይታወቅ ከቀረ ለማጅራት ገትር የሚሰጠው የጥቂት ቀናት መርፌ አያድነውም። የሰውነት መከላከያ ኃይላቸው በኤች አይ ቪ የደከመባቸውን ሰዎች የሚይዝ ክሪፕቶኮከስ የሚባል የፈንገስ ዓይነትም አለ። ይህኛው የሚታወቀው ከውሃው ጋር ጥቁር ቀለም ደባልቆ በማይክሮስኮፕ በማየት ወይም በተለየ ፈጣን ምርመራ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ በክሪፕቶኮከስ የተያዘ ሰው በራሱ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት እጅግ ስለሚያይል፥ ውሃውን ደጋግሞ መቅዳት ምርመራ ብቻ ሳይሆን ራሱ ሕክምና ነው።

እንግዲህ ከውጭ ሲታዩ አንድ የሚመስሉ አራት በሽታዎች አራት ልዩ ልዩ መድኃኒት ይሻሉ። «መድኃኒቱን ብቻ ስጡን» የሚለው አባት የትኛውን መድኃኒት እንደሚጠይቅ እርሱም አያውቅም፤ ያለ ምርመራ ሐኪሙም ቢሆን በግምት ብቻ ይሠራል።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

በሽተኛው በጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ሆዱ፥ አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፤ ወይም ተቀምጦ ወደ ፊት ያጎነብሳል። ይህም በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እንዲሰፋ ነው። ሐኪሙ የሁለቱን ዳሌ አጥንቶች ጫፍ ዳስሶ በመካከላቸው መሥመር ያሰምራል፤ መሥመሩም በአራተኛው የወገብ አጥንት ላይ ያልፋል። ከዚያ እጁን ታጥቦ ንጹሕ ጓንት አጥልቆ ቦታውን በመድኃኒት ያጸዳል፤ ማደንዘዣም ይወጋል። ቀጥሎ ቀጭኑን መርፌ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያስገባል። ውሃው በጠብታ ወደ ብልቃጦች ይወርዳል። ሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

ብልቃጦቹ ሳይዘገዩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለባቸው። ብዙ ሰው «እንዳይበላሽ» ብሎ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ጥሩ ይመስለዋል። ነገር ግን የማጅራት ገትር ባክቴሪያ በብርድ ፈጥኖ የሚሞት ስለሆነ፥ ለማራቢያ የሚላከው ውሃ ከመመርመሩ በፊት በማቀዝቀዣ መቀመጥ የለበትም።

ሦስቱ ፍርሃቶች

የመጀመሪያው ፍርሃት «ሽባ ያደርጋል» የሚለው ነው። በአዋቂ ሰው ኅብለ ሰረሰሩ የሚያበቃው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው፤ በአራስ ሕፃን ጥቂት ዝቅ ስለሚል ሐኪሙ ለሕፃናት ይበልጥ ታች ያለውን ቦታ ይመርጣል። መርፌው ከሚገባበት ቦታ የሚገኙት እንደ ፈረስ ጭራ የተበተኑ ቀጫጭን ነርቮች ብቻ ናቸው፤ በውሃ ውስጥ ስለሚንሳፈፉም መርፌው ሲመጣ ወደ ጎን ይሸሻሉ። ይህን ማስረጃ በየቤታችን እናገኘዋለን። በቀዶ ሕክምና የወለዱ እናቶች ብዙዎቹ ከወገብ በታች የሚያደነዝዘውን መድኃኒት የተወጉት በዚያው በወገብ አጥንት መካከል ነው፤ ዛሬም ቡና ያፈላሉ፥ ገበያ ይወጣሉ። የሁለቱም ሥራ ታሪክ ከአንድ ከተማ የመነጨ ነው። ሄንሪክ ኲንከ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ኪል በተባለችው ከተማ ከወገብ ውሃ የመቅዳትን ዘዴ ያሳወቀው በ1891 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ በዚያችው ከተማ ኦገስት ቢር በ1898 እ.ኤ.አ. በዚሁ መንገድ የማደንዘዣ መድኃኒት መስጠትን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ዘዴው በዓለም ሁሉ ሲሠራበት ኖሯል።

ሁለተኛው ፍርሃት «የጀርባ ውሃው ያልቃል» የሚለው ነው። በአዋቂ ሰው ውስጥ ያለው ውሃ 150 ሚሊ ሊትር፥ ማለትም ወደ ሁለት የቡና ሲኒ ያህል ነው። ነገር ግን አንጎል በየቀኑ ወደ 500 ሚሊ ሊትር አዲስ ውሃ ያመነጫል። ለምርመራ የሚቀዳው ብዙ ጊዜ ከ10 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ከሕፃናት የሚቀዳውም ከዚህ ያነሰ ነው። ስለዚህ የተቀዳው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይተካል።

ሦስተኛውና ብርቱው ፍርሃት «እገሌ ከጀርባው ውሃ ከተቀዳ በኋላ ሞተ» የሚለው ነው። ይህን የሚናገር ሰው አይዋሽም፤ ያየውን ይናገራል። ነገር ግን ዶሮ ከጮኸ በኋላ ይነጋል እንጂ ዶሮው አያነጋውም። ይህ ምርመራ የሚደረገው እጅግ ለታመሙ ሰዎች ስለሆነ ከእነርሱ መካከል የሚሞት ይኖራል፤ የገደለው ግን መርፌው ሳይሆን በሽታው ነው። ብዙ ጊዜም ቤተሰቡ ሁለት ቀን ሲከራከር ቆይቶ በመጨረሻ የፈቀደው በሽተኛው ራሱን ከሳተ በኋላ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ለመዘግየቱ የሚገባው ወቀሳ ለመርፌው ይሰጣል፤ የሚቀጥለውም ቤተሰብ ይህን ሰምቶ ይበልጥ ይዘገያል።

እውነተኛው ጉዳት የትኛው ነው?

ምርመራው ከቶ ምንም ጉዳት የለውም ብንል ከእውነት የራቅን እንሆናለን። ከተመረመሩት አንዳንዶቹ ቀና ሲሉ የሚብስ፥ ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት ይይዛቸዋል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል። ዕረፍት፥ በቂ መጠጥና የሕመም ማስታገሻ ይረዳሉ። ቡናም ለአንዳንዱ ሰው ሕመሙን ሊያቀልለት ይችላል፤ ይህ ለይርጋጨፌ ሰው የሚከብድ ትእዛዝ አይመስለንም። ወገብ አካባቢ ለአንድ ሁለት ቀን መጠዝጠዝም ያጋጥማል። ደም መፍሰስና ከቦታው ላይ መመረዝ ሊደርሱ ቢችሉም እጅግ ጥቂት ጊዜ የሚታዩ ናቸው። ራስ ምታቱ ከሳምንት በላይ ቢቆይ፥ እግር ቢደነዝዝ ወይም ሽንት ቢያስቸግር ሳይዘገዩ ወደ ሐኪሙ መመለስ ይገባል።

ሐኪሙ ራሱ ምርመራውን የሚያቆይበት ጊዜም አለ። በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት እጅግ መጨመሩን የሚያሳይ ምልክት ከታየ፥ አንዱ የሰውነት ጎን ከደከመ፥ ደም የማይረጋበት ችግር ካለ፥ መርፌው በሚገባበት ቦታ ላይ ቁስል ካለ፥ ወይም በሽተኛው ትንፋሹና የደም ግፊቱ ካልጸና ምርመራው ይቆያል። መድኃኒቱ ግን አይቆይም። ምርመራው ዘገየ ተብሎ ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ሊዘገይ አይገባም፤ ጤና ጣቢያውም የመጀመሪያውን መርፌ ሰጥቶ በሽተኛውን ወደ ሆስፒታል ሊልክ ይችላል። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ የተሰጠውን መድኃኒት ስምና ሰዓት የያዘውን ወረቀት፥ በቤት የወሰደው ኪኒንም ካለ ማሸጊያውን ይዞ መሄድ አለበት። መድኃኒት ቀድሞ ከተወሰደ ተሐዋሲው በማራቢያው ላይ ላይበቅል ስለሚችል ሐኪሙ ይህን ማወቅ ይኖርበታል።

ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም

ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋው ምድር የማጅራት ገትር መቀነት ይባላል። በሀገራችን በ1981 እና በ1989 እ.ኤ.አ. የተነሡት ወረርሽኞች እያንዳንዳቸው ከ40 ሺሕ በላይ ሰው እንደያዙ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ብዙ መልካም ሥራ ተሠርቷል። ሂብ የተባለውን ተሐዋሲ የሚከላከለው ክትባት በ2007፥ ኒሞኮከስ የተባለውን የሚከላከለው ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. በሀገራችን ለሕፃናት መሰጠት ጀመረ። ኤ ለተባለው የማጅራት ገትር ዓይነት የተሠራው ክትባትም ከ2013 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በዘመቻ ተሰጥቷል። በመቀነቱ ውስጥ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የኤ ዓይነት በሽታ አልተመዘገበም። ሲ፥ ደብልዩና ኤክስ የተባሉት ዓይነቶች ግን አልጠፉም። ለዚህም በአንድ ጊዜ አምስት ዓይነቶችን የሚከላከል አዲስ ክትባት ናይጄሪያ በ2024 እ.ኤ.አ. ከሁሉ ቀድማ መስጠት ጀምራለች።

ወረርሽኝ ሲነሣ የትኛው ክትባት እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው ከየት ነው? ከበሽተኞች ወገብ ከተቀዳው ከዚያ ጥቂት ውሃ ነው። ስለዚህ የአንድ ልጅ ምርመራ ለጎረቤቱ፥ ለትምህርት ቤቱና ለወረዳው ሁሉ ይተርፋል። ጌዴኦ ደግሞ ከሀገራችን ገጠሮች መካከል ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አንዱ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በደረሰው ግጭት በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቅሎ በየትምህርት ቤቱና በየአዳራሹ ተፋፍጎ እንደነበር እናስታውሳለን። በትንፋሽና በምራቅ ጠብታ ለሚተላለፍ በሽታ ከዚህ የሚመቸው ሁኔታ የለም።

መምህራን ምን ያድርጉ?

ተማሪው በድንገት ከባድ ትኩሳትና ራስ ምታት ቢይዘው፥ ቢያስመልሰው፥ ብርሃን ማየት ቢያስጠላው፥ አንገቱ ቢደርቅ፥ ወይም በቆዳው ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ ቢወጣበት፥ «ቤቱ ሄዶ ይተኛ» ብሎ መስደድ አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ከሰው ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። በሕፃናት ላይ አንገት መድረቁ ላይታይ ስለሚችል እናቶች ጡት እምቢ ማለትን፥ ያልተለመደ ቀጭን ለቅሶን፥ መደንዘዝንና የእርግብግቢት ማበጥን ይጠባበቁ። ከበሽተኛው ጋር በአንድ ክፍል ያደሩና እጅግ የቀረቡ ሰዎች የመከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋቸው እንደሆነ የጤና ባለሙያ ይወስናል፤ ከገበያ ገዝቶ መዋጥ አይገባም። የክፍል መስኮቶችም ተከፍተው አየር ይመላለስባቸው።

ከዚህም በላይ መምህሩ በሰፈሩ የሚሰማ ቃል አለው። አንድ አባት በሆስፒታል በር ላይ ቆሞ «ምን ላድርግ?» ብሎ ቢጠይቀው፥ ሐኪሙን ሦስት ነገር እንዲጠይቅ ይምከረው፤ ምርመራው ለምን አስፈለገ፥ ለልጄ የሚከለክለው ነገር አለን፥ ካልተደረገስ ምን ይቀርብናል? ሐኪሙም እነዚህን ለመመለስ ግዴታ አለበት፤ ፈቃድ የሚሰጠው ካስረዱት በኋላ ነውና። መልሱን ሰምቶ የሚፈቅድ ሰው በፍርሃት ሳይሆን በዕውቀት ፈቀደ ይባላል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ማጅራት ገትር ራሱን የሚደብቅ በሽታ ነው፤ የተደበቀበትም ቦታ በአጥንት የታጠረ ነው። ወደዚያ ለመድረስ ያለው መንገድ በሦስተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለ ጠባብ በር ነው። ልጃችን ታሞ ሐኪሙ ያንን በር ለማንኳኳት ቢጠይቀን፥ ጊዜ ሳናጠፋ ጠይቀን፥ ተረድተን እንፍቀድለት።